ከሜሞሪ ካርድ የተሰረዘ ፎቶ ይመለሳል?



እዚህ ካኩማ ብዙዎቻችን የቤተሰባችንን ፎቶና የትምህርት ማስረጃችንን ቅጂ የያዝነው በአንድ ሜሞሪ ካርድ ነው። ከጠፋ አገር ቤት ተመልሰን አናነሳውም።

ደግነቱ፣ «ዲሊት» ስንል ፎቶው ወዲያው አይጠፋም። ቦታው «ባዶ ነው» ተብሎ ይመዘገባል እንጂ ምስሉ እዚያው አለ። የሚጠፋው ሌላ ነገር ሲጻፍበት ነው። ስለዚህ፦

1. ካርዱን ወዲያው ከስልኩ ወይም ከካሜራው እናውጣ። አንድም ፎቶ አናንሳበት።
2. ኮምፒውተሩ «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ቢጠይቅ እሺ አንበል።
3. ፎቶሬክ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም እንፈልግ። የፋይሎቹ ስም ይቀየራል፤ ሁሉም ላይገኝም ይችላል።
4. የተገኘውን ኮምፒውተሩ ላይ እንጂ እዚያው ካርድ ላይ አናስቀምጥ።

ከስልኩ ከራሱ ሜሞሪ የተሰረዘ ግን ብዙውን ጊዜ በዚህ መንገድ አይመለስም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ሦስት ቅጂ ይኑረን፦ አንዱ ስልክ ላይ፣ አንዱ ፍላሽ ላይ፣ አንዱ ሌላ ቦታ ባለ ዘመድ ዘንድ። በዋትስአፕ ስንልክ የፎቶው ጥራት እንዳይቀንስ «ዶክመንት» በሚለው በኩል እንላክ። ቤታችን እሳት ቢነሳ እንኳ አንዱ ይተርፋል።