አውንስ ስንት ዓይነት ነው?

አንድ ፓውንድ ወርቅና አንድ ፓውንድ ላባ፣ የትኛው ይከብዳል? «ያው እኩል ነው» ለማለት አትቸኩሉ፤ ላባው ይከብዳል! ጥያቄውን ወደ አውንስ ስናወርደው ደግሞ ይገለበጥና ወርቁ ይከብዳል። ወዳጆቼ፣ ምስጢሩ አውንስ የሚባለው መለኪያ አንድ አለመሆኑ ላይ ነው። ይህንን ማወቅ ከወጥ ቤት እስከ ወርቅ ቤት ይጠቅማል።

ከወጥ ቤት እንጀምር። አሜሪካ የሚሸጠው መስፈሪያ ኩባያ 8 አውንስ ይይዛል። ዱቄት ሞልታችሁ ብትመዝኑት ግን ከ4 አውንስ እምብዛም አያልፍም፤ 120 ግራም ገደማ ነው። ኩባያውም ሚዛኑም ልክ ናቸው። ኩባያው የሚለካው ይዘትን ነው፤ የአሜሪካው የፈሳሽ አውንስ 29.57 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ሚዛኑ የሚለካው ክብደትን ነው፤ የክብደቱ አውንስ 28.35 ግራም ሲሆን 16ቱ አንድ ፓውንድ ይሞላሉ። ለውሃ ሁለቱ በጣም ስለሚቀራረቡ ልዩነቱ አይታወቅም። ማር ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ይወጣል፤ አንድ የፈሳሽ አውንስ ማር ሲመዘን አንድ አውንስ ተኩል ያህል ይመጣል።

ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አትመልከቱ፣ የሚለካውንም ዕቃ ተመልከቱ። 12 አውንስ የተጻፈበት የለስላሳ ቆርቆሮ 355 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ 12 አውንስ የተጻፈበት የተቆላ የይርጋጨፌ ቡና ከረጢት ደግሞ 340 ግራም ነው። የሕፃናት ጡጦ ላይ ያሉት መስመሮች የፈሳሽ ናቸው። የቦክስ ጓንት የሚለካው በክብደት ነው። እኔን በጣም የሚያስደስተኝ የጂንስ ጨርቅ ነው፤ «14 አውንስ ጂንስ» ሲባል የሱሪው ክብደት ሳይሆን የአንድ ካሬ ያርድ ጨርቅ ክብደት ነው።

አሁን ወደ ወርቁ። በዜና «የአንድ አውንስ ወርቅ ዋጋ ይህን ያህል ገባ» ሲባል የምንሰማው ሦስተኛው ዓይነት፣ ትሮይ አውንስ ነው፤ 31.1 ግራም ይመዝናል። የትሮይ ፓውንድ ግን 12 አውንስ ብቻ ስለሆነ 373 ግራም ላይ ይቆማል፤ ላባ የሚመዘንበት ተራው ፓውንድ 454 ግራም ገደማ ነው። እንቆቅልሹ ተፈታ!

ይህ ለገበያም ይሆናል። ለምሳሌ የአውንሱ ዋጋ 3,110 ዶላር ቢሆን፣ ለ31.1 ስናካፍለው የንጹሕ ወርቅ ግራም 100 ዶላር ይመጣል። ባለ 18 ካራቱ ሦስት አራተኛው ብቻ ወርቅ ስለሆነ 75 ዶላር ይሆናል፤ የአንጥረኛው የእጅ ዋጋ ከዚያ በላይ የሚጨመር ነው። በስህተት ለ28.35 ያካፈለ ሰው ግን ግራሙን ወደ 110 ዶላር ያደርሰዋል፤ ለአንድ የጋብቻ ቀለበት እንኳ ቀላል ልዩነት አይደለም።

በእኛም አገር ወርቅ የሚመዘንበት ወቄት ነበረ፤ 28 ግራም ገደማ፣ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ክብደት ማለት ነው። ስለዚህ የአያት ወርቅ በወቄት ከተነገራችሁ፣ ግራሙን ለማግኘት 31ን ትታችሁ በ28 አባዙት።