ጠመንጃው ነው ወይስ ተኳሹ?

ጎፋ ማዞሪያ አካባቢ በበዓል ሰሞን የአየር ጠመንጃ ይዞ የሚቆም ሰው ነበር። ካርቶን ላይ የተለጠፈ ወረቀት፣ መሀሉ ላይ ጥቁር ነጥብ፣ ለመታ ሰው ማስቲካ። አምስት ተኮስኩ፤ አምስቱንም ሳትኩ። «ጠመንጃህ ጠማማ ነው» አልኩት። «ወንድሜ፣ ጠማማስ እጅህ ነው» አለኝ። ሰፈሩ ሳቀብኝ። ማንኛችን ልክ እንደነበርን ሳይለይ ተለያየን። ጥያቄው ግን የኦሊምፒክ ተኳሾችንም እንቅልፍ የሚነሳ ነው።

እኛ የኳስ ሰዎች «ኢላማውን የጠበቀ ሙከራ» የሚለውን ነገር በየሳምንቱ እንጽፋለን። 7 ሜትር ከ32 ሳንቲ ሜትር ወደሚሰፋ ጎል የሄደች ኳስ ሁሉ ለእኛ ኢላማዋን ጠብቃለች። በ50 ሜትር የጠመንጃ ውድድር ግን 10 ነጥብ የምታሰጠው ክብ ከዳር እስከ ዳር 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት። በ10 ሜትሩ የአየር ጠመንጃማ ግማሽ ሚሊ ሜትር! የእስክሪብቶ ጫፍ በሏት።

ታዲያ ጠመንጃው በትክክል መምታቱ እንዴት ይለካል? መጀመሪያ ሰውየው ይወጣል። የሚንቀጠቀጥ እጅ፣ የሚመታ ልብ፣ የሚያጭበረብር ዓይን የለም። ጠመንጃው ሞርሳ ላይ ጥርቅም ተደርጎ ይታሰርና ነፋስ በማይገባበት ቤት ውስጥ ወረቀት ላይ ይተኮሳል። ጥይቶቹ መሀሉን ቢስቱ ማንም አይደነግጥም። አንድ ቦታ ተሰባስበው ወደ ግራ ከወደቁ ማነጣጠሪያውን ማስተካከል ነው። ከተበታተኑ ግን ማነጣጠሪያ አያድናቸውም።

ማታለሉ እዚህ ጋ ይመጣል። ሦስት ጥይት ተኩሶ፣ ሦስቱ ተጠጋግተው ሲያርፉ ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ «የኔ ጠመንጃ እንዲህ ነው» የሚል በየአገሩ ሞልቷል። የተበታተነውን ወረቀት ማን ያሳያል? ያው ጠመንጃ፣ ያው ጥይት ሆኖ ተኩሱ ከ5 ወደ 10 ሲያድግ በጣም በተራራቁት ሁለት ቀዳዳዎች መካከል ያለው ርቀት በአማካይ ሩብ ያህል ይሰፋል። ስለዚህ የገባቸው ሰዎች አስር አስሩን ደጋግመው ይተኩሳሉ፤ የእያንዳንዷን ቀዳዳ ርቀት ከመሀላቸው ለክተውም አማካዩን ይይዛሉ። አንድ ጥሩ ወረቀት፣ አንድ መጥፎ ወረቀት ምንም አይናገርም። ሳላሃዲን ሰዒድ እ.ኤ.አ በ2013 የአፍሪካ ዋንጫ ዛምቢያ ላይ ያገኛትን ፍጹም ቅጣት ምት ምዌኔ አዳነበት፤ በዚያች አንዲት ምት ብቻ ሳላን የሚለካው ማን ነው? (በዕለቱ የለካነው ብዙ ነን፣ እሱን ተዉት።)

ጥይቱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ዓይነት ፓኮ የወጣ ጥይት እንኳ በተለያየ ጊዜ ከተመረተ እኩል አይመታም። ለዚህ ነው ትልልቅ ተኳሾች ጠመንጃቸውን ተሸክመው እንግሊዝ በርሚንግሃም ወደሚገኘው ኤሊ ፋብሪካ የሚሄዱት። እዚያ እየተኮሱ ይሞክራሉ፤ ጠመንጃቸው የወደደውን ምርት ገዝተው ይመለሳሉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሰውየው ይመለሳል። አሜሪካዊው ማት ኤመንስ ከአቴንስ ኦሊምፒክ በፊት ጠመንጃውን ሰው አበላሸበት። በተውሶ ጠመንጃ ገብቶ በ2004 በ50 ሜትር ተኝቶ በመተኮስ ወርቅ ወሰደ። የሰው ጠመንጃ! ከሁለት ቀን በኋላ በሌላው ውድድር እየመራ የመጨረሻዋን ጥይት ተኮሰ፤ መታም። የመታው ግን የጎረቤቱን ኢላማ ነበር። ዜሮ ተሰጠው፣ ስምንተኛ ወጣ። ቤጂንግ 2008 ላይም እየመራ የመጨረሻዋ ጥይት 4.4 ሆነችበትና አራተኛ ሆነ። የትኛው ሞርሳ ነው ይህን የሚለካው? በሌላ በኩል ቤላሩሳዊው ሰርጌይ ማርቲኖቭ ለንደን 2012 ላይ በማጣሪያው 60 ጥይት ተኩሶ 600 ከ600 አመጣ፤ ወርቁንም ወሰደ። ያን ቀን ጠመንጃውም ሰውየውም አልሳቱም።

የጎፋውን ሰው ካገኘሁት ደግሞ በባዶ እጄ አልሄድም። አንድ ከረጢት አሸዋ ይዤ፣ ጠመንጃውን እላዩ ላይ አስተኝቼ፣ አስር ጥይት በአንድ ወረቀት ላይ። ማስቲካው ይቅርብኝ።