አስታማሚ ሲከፈለው ሱቁን ምን አገባው?

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ አንድ ሌሊት ላደረ ሰው «አስታማሚ» ማለት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ከአልጋው ሥር ካርቶን አንጥፎ የሚተኛው፣ ማዘዣ ይዞ ከፋርማሲ ፋርማሲ የሚንከራተተው፣ ሾርባውን በፔርሙዝ የሚያመላልሰው ነው። ሥራው ሥራ ነው፤ ደመወዝ ግን የለውም። ብሪታንያ ውስጥ ይህ ሰው ምን ይሰጠው የሚለው ጥያቄ ከ60 ዓመት በላይ ሲነሣ ሲወድቅ ኖሯል። በቅርቡ ደግሞ ስኮትላንድ አዲስ አበል ስታወጣ ሌላ ጥያቄ ተከተለው፤ ለአስታማሚው የሚከፈለው ገንዘብ ነጋዴውንና የበጎ አድራጎት ድርጅቱን ምን ያደርጋቸዋል? (ከመጨረሻው አዋጅ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የጀመረው ከአንዲት ሴት ነው። ሜሪ ዌብስተር የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበረች። ወላጆቿን ለመጦር በ1954 ሥራዋን ለቀቀች። ከዓመታት በኋላ እንደ እሷ ቤት የቀሩ ያላገቡ ሴቶች ስላሉበት ችግር ለጋዜጦች ጻፈች፤ በ1965 ማኅበር ተመሠረተ። የመጀመሪያው አበል በ1976 ወጣ። ባለትዳር ሴት ግን አታገኝም ተባለ፤ እሷማ ድሮም ቤት ነው የምትውለው በሚል። ይህ ክልከላ የተነሣው ከ10 ዓመት በኋላ ነው፤ እናቷን ታስታምም የነበረችው ጃክሊን ድሬክ ጉዳዩን እስከ አውሮፓ ፍርድ ቤት አድርሳ በ1986 ረታች።

ስኮትላንድ የራሷን የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ በ2018 አጸደቀች። በኅዳር 2023 አዲሱን የተንከባካቢ ድጋፍ ክፍያ በዳንዲ፣ በፐርዝና ኪንሮስ እንዲሁም በምዕራባውያን ደሴቶች ሞከረች፤ በኅዳር 2024 መላ አገሪቱን አዳረሰች። ዋና መመዘኛው ከብሪታንያው አበል ብዙም አይለይም፤ በሳምንት ቢያንስ 35 ሰዓት ማስታመም፣ ከሥራ የሚገኝ ገቢም ከተወሰነ ጣሪያ አለማለፍ። ትልቁ ልዩነት ብዙ የሙሉ ጊዜ ተማሪዎችን ማካተቱ ነው።

እዚያ አገር እንዲህ ያለ ደንብ ከመጽደቁ በፊት አንድ ሰነድ ይዘጋጃል፤ የንግድና የቁጥጥር ተፅዕኖ ግምገማ ይሉታል። የሚጠይቀው የባለ ሱቅ ጥያቄ ነው። አዲስ ቅጽ እሞላለሁ? የምከፍለው ነገር ይጨምራል? ውድድሩ ይዛባል? ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሻ ሰው ይበዛል? አማካሪ ድርጅቶች ላይ ምን ያህል ሥራ ይወርዳል? እንዲህ ያሉ ሰነዶች አሰልቺ ናቸው፤ ግን መንግሥት እጁን ከመሰንዘሩ በፊት እጁ ማን ላይ እንደሚያርፍ በጽሑፍ እንዲያስብ ማስገደዳቸውን እወደዋለሁ።

የወረቀቱ መልስ ቀላል ነው። አበሉን የሚከፍለው መንግሥት ስለሆነ ቀጣሪው ከኪሱ አንድ ሳንቲም አያወጣም። እውነት ነው። ጣጣው ያለው ጣሪያው ላይ ነው።

ዳንዲ ውስጥ አንድ ትንሽ ካፌ እናስብ። አስተናጋጇ እናቷን ታስታምማለች። በሚያዝያ 2025 የብሪታንያ ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 12.21 ፓውንድ ሆነ፤ የገቢው ጣሪያም በሳምንት ወደ 196 ፓውንድ ከፍ አለ። በዚያ ዓመት ሒሳብ 16 ሰዓት ብትሠራ 195.36 ታገኛለች፤ ከጣሪያው 64 ሳንቲም ዝቅ ብላ ቆማለች ማለት ነው። ቅዳሜ ሌላው አስተናጋጅ ታሞ ቀረ እንበል። ባለቤቱ «እባክሽ አንድ ሰዓት ቆዪልኝ» ይላታል። ብትቆይ 12.21 ትጨምርና፣ የሚቀነስላት ወጪ ከሌለ ወይም ገቢዋ በአማካይ ካልተያዘ፣ የሳምንቱን አበል 83.30 ፓውንድ ታጣለች። አበሉ በደረጃ አይቀነስም፤ እንዳለ ነው የሚቀረው። ስለዚህ «አልችልም» ትላለች። ባለቤቱ ሰነፍ ናት ይል ይሆናል፤ እሷ ግን ሒሳብ የምታውቅ ሴት ናት።

እንግዲህ መንግሥት ቅጽ ሳይልክ፣ ግብር ሳይጨምር፣ የካፌው የሥራ ፈረቃ ውስጥ ገባ። የደመወዝ ጭማሪ ሲመጣም ያው ነው፤ ጣሪያው አብሮ ካልተነሣ ባለቤቱ ደግ ልሁን ብሎ የጨመረው ክፍያ የሠራተኛውን ሰዓት ያስቀንሳል። በግምገማው «ቀጥተኛ ወጪ የለም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ይህን አያሳይም። ለእኔ የሰነዱ ዋጋ የሚለካው እዚህ ላይ ነው፤ ከቅጹ አልፎ ፈረቃውን ካላየ የተደከመበት ግማሹ ከንቱ ነው።

ጣሪያውን ሳያውቁ ያለፉት ሰዎች ዕዳ ውስጥ ወድቀዋል። በ2024 ብሪታንያ ውስጥ ከ130,000 በላይ አስታማሚዎች በድምሩ ከ250 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንዲመልሱ ይፈለግባቸው እንደነበር ጋዜጦች አወጡ። በሊዝ ሴይስ የተመራው ገለልተኛ ምርመራ ውጤት በ2025 መጨረሻ ሲወጣ፣ ከፍ ዝቅ የሚል ገቢ በአማካይ የሚሰላበት፣ አበሉን የሚከፍለው መሥሪያ ቤት ያወጣው መመሪያ ራሱ ችግር እንደነበረበት አሳየ። ዓመታት ሙሉ «ለምን አላሳወቅሽም» ሲባሉ የኖሩት ሴቶች ይህን ሲሰሙ ምን እንዳሉ መገመት አያቅትም።

ወደ ድርጅቶቹ ስንመጣ፣ ሸክሙ ሌላ መልክ አለው። አዲስ አበል በታወጀ ማግስት ስልክ የሚጮኸው በዜጎች ምክር ቢሮዎችና በአስታማሚዎች ማዕከላት ነው። «ለእኔ ይገባኛል?» «የቤት ኪራይ ድጎማዬን ይነካብኛል?» «ጡረታ እቀበላለሁ፣ ታዲያ ለምን ከለከሉኝ?» ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ነው። የመንግሥት ጡረታ ከአበሉ ከበለጠ ሁለቱ አንድ ላይ አይከፈሉም፤ የ75 ዓመቷ ሚስት ባሏን ሌት ተቀን እያነሣች ብታስተኛም ከአበሉ ባዶ እጇን ትቀራለች። ይህን ለእሷ ማስረዳት አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ያን ሰዓት የሚከፍለው ደግሞ ድርጅቱ ነው። ደንቡ ግልጽ በሆነ ቁጥር ስልኩ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ጥሩ ቅጽ ማውጣት ራሱ ለበጎ አድራጎት እንደመለገስ ነው።

ጥቅሙም መነገር አለበት። አስታማሚ ሥራውን ጥሎ ሲሄድ ቀጣሪው የለመደ እጅ ያጣል፤ አዲስ ሰው ፈልጎ ማሠልጠን አለበት። በሚያዝያ 2024 በእንግሊዝ፣ በዌልስና በስኮትላንድ ሥራ ላይ የዋለው የአስታማሚ ፈቃድ ሕግ በዓመት አንድ ሳምንት ፈቃድ ይሰጣል፤ ያውም ያለ ክፍያ። የኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለብርቱ ችግር የሚፈቅደው ያለ ክፍያ እስከ 5 ቀን፣ በዓመት ከሁለት ጊዜ ያልበለጠ ነው። «ጡረታ» የሚለው ቃላችን ከ«መጦር» መምጣቱን ሳስብ፣ ጧሪው እስካሁን በሕጋችን ስም አለማግኘቱ ይገርመኛል።

ብሪታንያ ሆናችሁ እናት ወይም አባት የምታስታምሙ ካላችሁ፣ አበሉን ልመና አታድርጉት፤ ሰዓታችሁን ቁጠሩና አመልክቱ። ነገር ግን የመኖሪያ ፈቃዳችሁ የመንግሥት ድጎማ መቀበልን የሚከለክል ከሆነ፣ ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን አማካሪ ጠይቁ። ይህ አበልም ከተከለከሉት ውስጥ ይቆጠራል።