የውሻ ድብቅ ቁስል

በይርጋጨፌ ገጠር እንሰትና ቡና ጎን ለጎን ይበቅላሉ። እንሰት ለመድረስ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ጃርት ግን በአንድ ሌሊት ሥሩን በልቶ ይጥለዋል። ስለዚህ ውሻ ጓሮ ይጠብቃል። ይጮኻል፤ ያባርራል። አንዳንዴም ከጃርቱ ጋር ይታገላል።

ሲነጋ ባለቤቱ ከውሻው ፊት ላይ ሁለት ሦስት የጃርት እሾህ ይነቅላል። ደሙ ጥቂት ነው። «ደኅና ነው» ይላል። ከጥቂት ቀን በኋላ ቀዳዳው ይደፈናል። ፀጉር ይሸፍነዋል። ታዲያ ነገሩ አለቀ? የለም፣ አላለቀም።

ተሰብሮ የቀረ እሾህ ጀርም ይዞ ሥጋ ውስጥ ይገባል። የሌላ ውሻ ጥርስም እንዲሁ ነው። ጀርም በዓይን አይታይም። በ1876 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ሮበርት ኮክ የሚባል ጀርመናዊ የወረዳ ሐኪም አባ ሰንጋ ከጀርም እንደሚመጣ ያሳየው በማጉያ መሣሪያ አይቶ ነው። ቆዳው ከላይ ሲዘጋ ጀርሙ ከታች ይራባል። መግል ይቋጥራል። ከደም ጋር ወደ ልብና ወደ ኩላሊትም ሊሄድ ይችላል።

ውሻ «አመመኝ» አይልም። መፈለግ የእኛ ፈንታ ነው። ግን ከመንካት በፊት ጠባዩን እዩ። ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ያለ ምክንያት የሚናከስ ከሆነ አትንኩት! የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ሰው ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ጠባዩ ያው ከሆነ ፀጉሩን በእጅ ግለጡ። እብጠት አለ? ቦታው ይሞቃል? ሲነካ ይሸሻል? ከንፈሩን ገልጣችሁ ድዱን እዩ። የነጣ ወይም በጣም የቀላ ድድ ክፉ ምልክት ነው። ጥቁር ድድ ያለው ውሻም አለ፤ የእሱን የዓይኑን ቆብ ውስጡን እዩ።

ሴት ውሻ ወንድ ከፈለገች በኋላ በአንድ ሁለት ወር ውስጥ ምግብ እምቢ ብላ ውሃ ካበዛች ደግሞ መግሉ ማሕፀኗ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ከውጭ ምንም ላይታይ ይችላል። ይህቺ ለነገ አትባልም፤ ትሞታለች።

የእንስሳት ሐኪሙ ትኩሳት በመለኪያ ያያል። ቁጥር ያወቀ ሁሉ መለኪያውን ማንበብ ይችላል። ለሰው 38 ትኩሳት ነው። ለውሻ ግን 38 ጤና ነው። ሳይሮጥና ፀሐይ ሳይመታው ከ39 ተኩል ካለፈ ታሟል ማለት ነው።

መግሉን ሐኪሙ ያፈስሰው። የሰው ክኒን ለውሻ አትስጡ፤ አንዳንዱ ይገድለዋል። ሐኪሙ በሚሰጣችሁ ወረቀት ላይ የቀኑ ቁጥር አለ። 7 ካለ 7 ቀን ነው። ውሻው በ3ኛው ቀን ተነሥቶ ቢጮኽም መድኃኒቱ አይቋረጥም፤ የተረፈው ጀርም እንደገና ይራባል።