«ማን ያሸንፋል?» ተባብለው የተኳረፉት ልጆች

ኅዳር ዲላ ላይ የቡና ወር ነው። እሸት ቡና የጫኑ አይሱዙዎች ሌሊቱን ሲያልፉ ያድራሉ፤ ጠዋት ከተማው በሙሉ የተፈለፈለ ቡና ይሸታል። ባለፈው ኅዳር አንድ ማለዳ በረንዳ ልጠርግ ስወጣ የወንድሜ ልጅ ልብሱን በሻንጣ፣ ደብተሮቹን በፌስታል አድርጎ በሩ ጥግ አስቀምጦ አገኘሁት።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«ወደ ቤት፣ ኮቾሬ።»

«ምን ገጠመህ? ዘንድሮ ተፈታኝ አይደለህም እንዴ?»

አንገቱን ደፋ። ለትምህርት ብሎ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው፤ አሁን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሷል። ከልጄ ጋር በአንድ አልጋ ተኝተው፣ በአንድ ሳህን በልተው፣ አንዱ ሲታመም ሌላው ከትምህርት ቤት የሚቀር ልጆች ነበሩ። ሦስት ቀን ሙሉ ሳይነጋገሩ መሰንበታቸውን ግን ያወቅሁት ገና ያን ጠዋት ነው። ቤት ውስጥ እየዋልኩ አላየሁም፤ ይህን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል።

ልጄን ቀስቅሼ ምን እንዳጣላቸው ጠየቅሁት። «ቮክስ ማኪናና ማይቲ ናይን ቢዋጉ ማን ያሸንፋል በሚል ነው» አለኝ። እኔ የአውሮፓ የእግር ኳስ ቡድኖች መስለውኝ «ለሰው አገር ኳስ ነው እንዲህ የምትሆኑት?» ብዬ ተቆጣሁ። በንዴቱ መሐል ሳቁ አመለጠው። «እማ፣ ቡድኖቹ በእውን የሉም» አለኝ።

ስለሌለ ነገር ሦስት ቀን መኳረፍ! ነገሩን ሳላጣራ ማንም ከዚህ ቤት አይወጣም ብዬ ሻንጣውን ወደ ውስጥ መለስኩት።

ግቢያችን ውስጥ ክፍል የተከራየ የዲላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ። ጨዋታውን ቤታችን ያስገባው እሱ ስለሆነ ቡና አፍልቼ ጠራሁትና እንዲያስረዳኝ ጠየቅሁት። ነገሩ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚጫወቱት ተረት ነው። አንዱ ሰው ተራኪም ዳኛም ይሆናል፤ አገሩን፣ ንጉሡን፣ ጭራቁን የሚያመጣው እሱ ነው። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ፈጥረው ስም ያወጡለታል፤ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል በወረቀት ይጽፋሉ። ከዚያ ተራኪው «ድልድዩ ላይ ዘንዶ ተኝቷል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። አንዱ «በጎኑ ሾልኬ አልፋለሁ» ቢል ብቻውን አይበቃም፤ ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ይጥላል። ሃያ ከወጣለት እሰየው፤ አንድ ከወጣበት ዘንዶው ጅራት ላይ ይቆማል። እንዲህ እያሉ ተረቱን ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቀጥሉታል።

የዚህ ዓይነት ጨዋታዎች ሁሉ አባት የሚባለው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ነው። አሜሪካ ውስጥ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሰዎች በ1974 እንደ ፈረንጆቹ አወጡት፤ እኛ ዘንድ አብዮቱ የፈነዳበት ዓመት ማለት ነው። ጋይጋክስ ከኢንሹራንስ ሥራው ተሰናብቶ ቤቱ ውስጥ ጫማ እየጠገነ ይኖር የነበረ የልጆች አባት ነበር። የመጀመሪያው እትም 1,000 ቅጂ ብቻ ሲሆን ሳጥኑንም እቤቱ በእጅ ነበር ያሰናዱት።

ተማሪው ሲያስረዳኝ ልጅነቴ መጣብኝ። እንቆቅልሽ ስንጫወት መልሱ የጠፋበት ልጅ «አገር ስጪኝ» ይባል አልነበር? እኔ ስንቴ ጎንደርን ሰጥቻለሁ! እስከ ዛሬ አይቼው አላውቅም። ከአክስቴ ልጅ ጋር «የሰጠሁሽ ሐረር ይበልጣል፣ የለም፣ የሰጠሁሽ ጎንደር ይበልጣል» ብለን ፀጉር ተጓትተናል። ሁለታችንም በእጃችን ያልነበረ አገር ነው። እንግዲህ ልጆቹ ላይ ምን አፍ አለኝ?

ልጆቹን ያጣሉት ሁለቱ ቡድኖች የወጡት ከአንድ ዝግጅት ነው። «ክሪቲካል ሮል» ይባላል። ካሊፎርኒያ ያሉ፣ ለካርቱንና ለቪዲዮ ጌም ድምፅ በመስጠት የሚተዳደሩ ጓደኛሞች ለአንዳቸው ልደት ብለው ጨዋታውን ጀመሩ፤ ጣማቸውና ቀጠሉበት። ከመጋቢት 2007 ዓ.ም. ጀምሮም ሲጫወቱ በኢንተርኔት በቀጥታ ያሳዩ ጀመር። ተራኪው ማቲው መርሰር ይባላል። የቮክስ ማኪና ተረት 115 ክፍል፣ የማይቲ ናይን 141 ክፍል ፈጅቷል፤ አንዱ ክፍል ሦስትና አራት ሰዓት ይረዝማል። እኔ አንዱን ጀምሬ እንቅልፍ ወስዶኛል። ልጆቹ ግን ተከራያችን አውርዶ ያመጣላቸውን እየተቀባበሉ አይተው እንግሊዝኛቸው መሻሻሉን መካድ አልችልም።

ወላጆች አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የቮክስ ማኪና ታሪክ በ2014 ዓ.ም. ካርቱን ሆኖ ወጥቷል። ተመልካቹ ራሱ ከ11 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጥቶ ያሠራው ነው። ካርቱን ስለሆነ የልጆች እንዳይመስላችሁ። ደም፣ ስድብና ለአዋቂ ብቻ የሚሆን ትዕይንት አለበት፤ ሠሪዎቹም ለአዋቂ ነው ብለው ነው ያወጡት። ልጄ ከማየቱ በፊት ባውቅ ኖሮ እከለክለው ነበር። አሁን ቢያንስ ታናሽ እህቱ በምትኖርበት ክፍል አይከፈትም።

ወሬው ግቢውን ሲዞር ጎረቤቴ መጥታ «ዘንዶ፣ ጠንቋይ፣ ጋኔን ያለበት ነገር ቤትሽ ገብቶ ዝም ትያለሽ?» አለችኝ። ስጋቷን አልናቅሁትም፤ አሜሪካውያን ወላጆችም አልፈውበታል። በ1979 እንደ ፈረንጆቹ ሚሺጋን ውስጥ አንድ የ16 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጠፋ። ጨዋታው አሳብዶት ከዩኒቨርሲቲው በታች ባለ ዋሻ ውስጥ ገብቷል ተብሎ አገር ተሸበረ። ልጁ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ በሕይወት ተገኘ። ፍለጋውን የመራው የግል መርማሪም ቆይቶ በመጽሐፉ እንደገለጸው የጠፋው በጨዋታው ምክንያት አልነበረም። ያለ ዕድሜው ዩኒቨርሲቲ የገባ፣ ብቸኝነትና የቤተሰብ ግፊት የከበደው ልጅ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ዳይሱን ሲመረምር ልጁን የጠየቀው አልነበረም።

ይህን ለጎረቤቴ ስነግራት ድንገት ቆም አልኩ። እኔስ የጠየቅሁት ስለ ጨዋታው እንጂ መቼ ስለ ልጁ ነው? ሰው ሁሉ ስለ ኳስ ይጨቃጨቃል፤ በዚያ ሻንጣ አያነሳም።

ማታ እናቴ መጣች። እናቴ የጌዴኦ ባህል ጠንቅቃ የምታውቅ ሴት ናት። አባቷ የሶንጎ ሰው ስለነበሩ ነገር ሲያዳምጡ እያየች ነው ያደገችው። ሶንጎ ለማታውቁ፣ የጌዴኦ አባቶች ተቀምጠው ጉዳይ የሚያዩበት ሸንጎ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ ሲመዘገብ ከእንሰቱና ከቡናው፣ ከትክል ድንጋዮቹም ጋር ይህ የአባቶች ሥርዓት ተነሥቶ ነበር። እናቴ ግን ከዩኔስኮ በፊትም ታውቀዋለች።

ሁለቱን ልጆች ፊት ለፊቷ አስቀመጠች። «አንዱ ሲናገር ሌላው ትንፍሽ አይልም። ደግሞ እያንዳንድሽ የምትናገሪው ለራስሽ ሳይሆን ለዚያኛው ቡድን ነው» አለች። (ወንዶቹን ስትወዳቸው በሴት አንቀጽ ነው የምትጠራቸው።)

የማይቲ ናይን ደጋፊ የወንድሜ ልጅ ስለሆነ እሱ ስለ ቮክስ ማኪና ይናገር ተባለ። ፊቱን አጨፍግጎ ጀመረ። አራት ዘንዶዎች ተባብረው ከተማ ሲያጠፉ የተጋፈጡት እነሱ ናቸው። ግሮግ የሚባል እንደ ግንብ የገዘፈ ተዋጊ አላቸው፤ ፐርሲ የሚባለው ጠመንጃ በራሱ እጅ የፈለሰፈ ነው፤ ኪለዝ የምትባለው ወደፈለገችው አውሬ ትለወጣለች። ድብ ይዛ የምትዞር ቀስተኛም አለቻቸው። ቁመቱ ከወገብ የማያልፍ አዝማሪም አላቸው ሲል እናቴ «አዝማሪ ጦርነት ምን ይሠራል?» ብላ አቋረጠችው፤ የራሷን ሕግ የጣሰችው እሷ ናት። «በዘፈኑ ጠላት ያፈዛል» አላት። «ይህስ እውነት ነው» አለች። ልጁ ቀጠለ፤ ለውለታቸውም ንጉሡ ግንብ ቤት ሠርቶ ሰጣቸው አለ። እዚያ ላይ ድምፁ ቀነሰ።

የልጄ ተራ ሆነ። ማይቲ ናይን በጉልበት ያንሳሉ፣ በብልሃት ግን አይታሙም አለ። ጀስተር የምትባል ልጅ አለቻቸው። ጓደኛዋ ላይ ያለውን እርግማን ለማስፈታት ወደ አንዲት ክፉ ጠንቋይ ይሄዳሉ። ጠንቋይቱ በምትኩ ሐዘን ነበር የምትፈልገው፤ እያንዳንዳቸው የሚያስለቅሳቸውን ነገር አቀረቡላት። ጀስተር ግን ከኬኳ አካፍላ አበላቻት። ኬኩ ላይ አእምሮን የሚያዘናጋ ዱቄት ነስንሳበት ነበር። ከዚያ የጠንቋይቱን ትዝታ በአስማት ቀየረችና እርግማኑ ያለ ዋጋ ተፈታ። እናቴ እጇን በእጇ አጨበጨበች። «በምግብ! ያለ ጦር!» አለች። ጎረሰችው ማለት ይቻላል፣ ሁለት ጊዜ ነው ያስደገመችው። ጦርነት ላይ በነበሩ ሁለት መንግሥታት መካከልም ገብተው፣ የተሰረቀውን ቅዱስ ዕቃ ለባለቤቶቹ መልሰው፣ ድርድሩ የነሱ መርከብ ላይ እንደተካሄደ ነገራት።

«እነማን ናቸው እንዲህ ያሉት?» አለች።

«ቤት የሌላቸው ናቸው» አለ ልጄ። «አንዷን አባቷ አሳልፎ ሰጥቷታል። አንዱ ወላጆቹን አጥቶ ሸሽቶ ነው። አንዷ ከጎሳዋ ሸሽታለች። መንገድ ላይ ተገናኝተው ነው እንደ ቤተሰብ...» አለና ዝም አለ። አፉን እንደከፈተ የወንድሜን ልጅ አየው።

ሦስት ቀን ያልተነገረው ያኔ ወጣ። ክርክሩ ሲጋጋል ልጄ «የሰው ቤት ተቀምጠህ አትጩህብኝ» ብሎት ነበር።

ባለቤቴ ከመቀመጫው ተነሣ፤ እናቴ በእጇ አስቀመጠችው። የወንድሜ ልጅ ዓይኑን ጠረገና፣ ክርክሩን ይጨርስ እንደሆነ አላውቅም፣ «ለነገሩ በሦስተኛው ተረት መጨረሻ ሁለቱም ቡድን በአንድ ወገን ነው የተሰለፉት። አልተዋጉም» አለ።

«ቆይ እስቲ» አለች እናቴ። «ተጫዋቾቹ ስንት ናቸው?»

«ሰባት። በመጀመሪያው ቡድን ስምንተኛ ነበራቸው፣ በዓመቱ ሳይሞላ ወጣ።»

«የነዚያኞቹስ?»

ሁለቱ ልጆች ተያዩ። «ያው ሰባቱ ናቸው» አለ ልጄ ቀስ ብሎ። ግሮግን የሚጫወተው ሰው የማይቲ ናይኑን ፊዮርድን ይጫወታል፤ ቀስተኛዋን የምትጫወተው ሴት ጀስተርን ራሷን ናት። ሁለቱም ያውቁት ነበር፤ ሲጨቃጨቁ አላሰቡትም።

እናቴ እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ስትጨርስ ወደ ልጄ ዞረች። «ይህን ቤት አያትህ ሲሠራው ቆርቆሮው የተገዛው በምን ቡና ነው?» አለችው። አላወቀም። «በኮቾሬው ቡና ነው። አባቱ ገና ልጅ ሆኖ ለቅሞታል» አለች፤ በእጇ የወንድሜን ልጅ እያሳየች። እኔም ይህን የሰማሁት የዚያን ማታ ነው።

ልጄ ተነሥቶ ይቅርታ ጠየቀ። እንደ ፊልም አልተቃቀፉም፤ ያን ቀን ብዙም አላወሩም። ጠዋት ግን ሻንጣው አልጋ ሥር ተመልሶ አየሁት።

አሁን እሑድ ከሰዓት ራሳቸው ይጫወታሉ፤ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የተፈቀደላቸው፣ ከዚያ ጥናት ነው። ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ዲላ ገበያ ስላላገኙ ከአንድ እስከ ሃያ በቁራጭ ወረቀት ጽፈው በቡና ጣሳ ውስጥ ከተቱ። ሰዎቹ የቡና ፍሬ፣ ጭራቆቹ የበቆሎ ፍሬ ናቸው። ተራኪው የወንድሜ ልጅ ነው። እናቴ አንድ ባልቴት ፈጥራለች፤ መሣሪያዋ የእንሰት መፋቂያ ነው።

ባለፈው እሑድ ባልቴቷ ወንዝ ልትሻገር ነበርና ከጣሳው ዕጣ አወጣች።

«ሦስት» አለች። «ሦስት ምንድን ነው?»

«ወደቅሽ አያቴ። ወንዙ ወሰደሽ።»

«ሌላ ላውጣ።»

«አይቻልም።»

«አያትህን ወንዝ ሲወስዳት ዝም ብለህ ታያለህ?»

የወንድሜ ልጅ ጥቂት አሰበ። «ከዳር የቆመ ሰው ካለ እጁን ሊዘረጋ ይችላል» አለ። ልጄ ቀድሞ እጁን ጣሳው ውስጥ ከትቶ ነበር።