በቺፕስ ሰበብ የተገኘው ኮከብ

ለእግር ኳስ አፍቃሪ ስለ ተጨዋች ምልመላ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። የአውሮፓ ክለብ ገና ዘጠኝ ዓመት የሞላውን ልጅ አካዳሚው ያስገባና ኮትኩቶ ያሳድገዋል። በአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ግን ነገሩ ለየት ይላል። ልጁ የሚያድገው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡድን ውስጥ ነው፤ ከዚያ ኮሌጅ ይወስደዋል፤ ኤን ቢ ኤ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የ17 ዓመት ታዳጊ አይቶ "ይሄ ይሆናል፣ ያ አይሆንም" ብሎ የሚፈርደው በአብዛኛው የኮሌጅ አሰልጣኝ ነው። የሚፈረደው ደግሞ ኳስ ላይ ብቻ አይደለም። ስኮላርሺፕ ማለት ብዙ ቤተሰብ ከኪሱ ሊከፍለው የማይችለው ትምህርት በነፃ ማለት ነው።

ለመሆኑ መልማዮቹ ምን ያያሉ? መጀመሪያ ሜትር ይወጣል። ቁመት፣ የክንድ ርዝመት፣ ዝላይ ይለካል። ከዚያ ተኩሱ፣ ኳስ አያያዙ፣ መከላከሉ ይታያል። የትምህርት ውጤቱም አይቀርም። በአንደኛው ዲቪዚዮን ለመሰለፍ 16 ዋና ዋና ኮርሶችን ማጠናቀቅና በእነሱ ከ4 ቢያንስ 2.3 አማካይ ውጤት ማምጣት ግድ ነው። የምዘና ድርጅቶች ደግሞ ልጆቹን እንደ ሆቴል እስከ አምስት ኮከብ እየሰጡ በደረጃ ይደረድሯቸዋል። ትልቁ ገበያ የሚደራው በክረምቱ የትምህርት ቤት እረፍት ነው። ጫማ አምራቾች ስፖንሰር በሚያደርጓቸው ውድድሮች ላይ አሰልጣኞች በሜዳው ዙሪያ ተደርድረው ይመለከታሉ።

ይህ ሁሉ ዓይን እያለ ታዲያ ጃ ሞራንት እንዴት አመለጠ? (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ2016 የኬንታኪው መሬይ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ረዳት አሰልጣኝ ሌላ ልጅ ለማየት ወደ ደቡብ ካሮላይና ይሄዳል። ይርበውና የሚበላ ሊገዛ ይወጣል። ቺፕሱን ሊገዛ ሲል ከጎን ካለች ትንሽ ጂም የኳስ ድምፅ ይሰማል። ጎራ ብሎ ቢያይ አንድ ቀጭን ልጅ ሦስት ለሦስት እየተጫወተ ጉድ ይሠራል። ወዲያው ለዋናው አሰልጣኝ ደወለ። በ2019 ያ ልጅ በጨዋታ በአማካይ ከ24 ነጥብ በላይ እያስቆጠረ፣ በኮሌጅ ደረጃ ለግብ በማቀበል አሜሪካን መራ። በዚያው ዓመት ድራፍት ሁለተኛ ሆኖ በሜምፊስ ተመረጠ፤ በ2020 የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተባለ።

የሚገርመው ደግሞ በዚያ ድራፍት አንደኛ የወጣው ዛየን ዊሊያምሰን መሆኑ ነው። ሁለቱ በልጅነታቸው በአንድ የክረምት ቡድን አብረው ተጫውተዋል! አንደኛውን አገሩ ሁሉ ተሻማበት፤ ሌላኛውን ግን ረሃብ ነው ያስገኘው።

ሞራንት ብቻውን አይደለም። ስቴፈን ከሪ በ2006 ትምህርት ቤት ሲጨርስ አጭርና ከሲታ ነው ተብሎ ትልልቆቹ ዘለሉት። አባቱ ዴል ከሪ የተጫወተበት ቨርጂኒያ ቴክ እንኳን ያለ ስኮላርሺፕ መጥቶ እንዲሞክር ነበር የጋበዘው። ትንሹ ዴቪድሰን ኮሌጅ ወሰደው፤ በ2008 ጎንዛጋ ላይ 40 ነጥብ አስቆጥሮ ቡድኑን እስከ መጨረሻዎቹ ስምንት አደረሰ። አንቶኒ ዴቪስ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ሳለ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጨመረ። ሰውነቱ ሲመዘዝ የጋርድ ኳስ አያያዙ አብሮት ቀረ፤ በ2012 ከኬንታኪ ጋር ሻምፒዮን ሆኖ በድራፍቱ አንደኛ ተመረጠ።

የተገላቢጦሹም አለ። በ2001 ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ የድራፍቱ አንደኛ የሆነው ክዋሚ ብራውን የተጠበቀውን ያህል አልሆነም። ከ2006 ድራፍት ጀምሮ ደግሞ በድራፍቱ ዓመት ውስጥ ዕድሜው 19 የማይሞላ ተጨዋች ኤን ቢ ኤ እንዳይገባ ታገደ።

ሜትር የዛሬን ይለካል፤ የነገን ማን ይለካል? ለዚህ መድኃኒቱ ጊዜ ነበር። ከሪ ዴቪድሰን ሦስት ዓመት፣ ሞራንት መሬይ ስቴት ሁለት ዓመት ቆይተው ነው የበሰሉት። አሁን ግን ጊዜ ተወዷል። ከ2021 ጀምሮ የኮሌጅ ተጨዋች በስሙ ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶለታል፤ ኮሌጅ ሲቀይርም አንድ ዓመት ተቀመጥ መባሉ ቀርቷል። በ2025 ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው ለተጨዋች እንዲከፍሉ ፍርድ ቤት አጽድቋል።

ለተጨዋቹ ይህ ፍትሐዊ ነው፤ ላቡን ሌላው ሲሸጠው ኖሯልና። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ገና ያልበሰለው ታዳጊ ነው። አሰልጣኙ ዘንድሮ ካላሸነፈ ይባረራል። ኮሌጅ ውስጥ የተፈተነ የ22 ዓመት ጎልማሳ ገበያ ላይ እያለለት የ18 ዓመት ቀጭን ልጅ ወስዶ ለምን ይጠብቃል? ትንሹ ኮሌጅም ቢሆን ልጁን አንድ ዓመት አብስሎ ሲጨርስ ሀብታሙ መጥቶ ይወስድበታል።

ስለዚህ ዘግይቶ የሚያድግ ልጅ ካለ፣ ዘንድሮም እዚያች ትንሽ ጂም ውስጥ ሦስት ለሦስት እየተጫወተ ነው። አሰልጣኙ ግን የተፈተኑትን ዝርዝር ይዞ ቢሮው ተቀምጧል፤ ቺፕስ ሊገዛም አይወጣ።