የሽንሻኖ ካርታን ማን ያጽድቅ?

በአሜሪካዋ የፍሎሪዳ ክፍለ ግዛት፣ አንድ ባለሀብት መሬቱን ለቤት መሥሪያ ሸንሽኖ ለመሸጥ ሲነሣ፣ ካርታው የሚጸድቀው በካውንቲው ወይም በከተማው ተመራጮች ጉባኤ ነበር። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በጸናው ሕግ ግን ይኸው ሥልጣን ለተሰየመ የአስተዳደር ሹም ተላልፏል። ሹሙ ማመልከቻ በደረሰው በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መቀበሉን በጽሑፍ ማስታወቅ፣ ካርታውን ካላጸደቀም ምክንያቱን ከነድንጋጌው መግለጽ አለበት።

ለመሬት ከበርቴው ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ጉባኤ በጠበቀ ቁጥር የባንክ ወለድ ይቆጥርበታልና። ይህን ብቻ አይቶ ግን ሕጉን የከበርቴ ሤራ ብሎ መፈረጅ ችኮላ ነው። ካርታው ደንቡን እስካሟላ ድረስ ጉባኤውም ቢሆን የመከልከል መብት አልነበረውም። እጅ ማውጣቱ ሥርዓት ማድረሻ እንጂ ውሳኔ አልነበረም። (ለደንቡ ያህል የሚወጣ እጅ የማይታወቅበት አገር የትኛው ነው?)

ይሁንና ያ ስብሰባ፣ ጎረቤቱ ስለ ጎርፍ መውረጃውና ስለ መንገዱ በአደባባይ የሚጠይቅበት መድረክ ነበር። አሁን የቀረው መድረክ የመሬት አጠቃቀም ምደባ ሲለወጥ የሚጠራው የሕዝብ ስብሰባ ነው። ምደባው ከዓመታት በፊት ተወስኖ ከሆነ ግን ያም የለም፤ ነዋሪው የሠፈሩን ዕጣ የሚያውቀው ቡልዶዘሩ ሲደርስ ነው።